ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች



 የምነግራችሁ ስለ ፈረንሳይ ገጠር ነው። ፈረንሳይ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ፓሪስ ነው፤ እኔ ግን ፓሪስን የማውቃት እንደ መንገደኛ ነው። አራት ዓመት የኖርኩት ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ ሴቬን በሚባል ተራራማ አገር፣ በሎዜር አውራጃ በምትገኝ ትንሽ መንደር ነው። ሎዜር ስፋቱ ከ5 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሕዝቡ ግን 76 ሺህ ገደማ ነው። የአዲስ አበባ አንድ ክፍለ ከተማ ከዚያ የበለጠ ሰው አለው። በዋናው የፈረንሳይ ምድር እንደ ሎዜር ሰው የሳሳበት አውራጃ የለም። ዓመቶቹንና ወራቱን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ከተመለስኩ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «ሲኒማ የለ፣ ግርግር የለ፣ ሰው የለ፤ ቀኑ እንዴት ነው የሚመሸው?» ይለኛል። መልሱን ከአንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጀምር።

ከእኔ በታች ባለው ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን በእነዚያ ጠመዝማዛ መንገዶች ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረዋል። መንደሩ በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ ቅዳሜ ማለዳ በሬን አንኳኩ። በእጃቸው ሁለት ትንንሽ የቀለም ጣሳ ይዘዋል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ። ባነገቱት ቦርሳ ውስጥ የሽቦ ብሩሽ፣ የአትክልት መቀስ፣ ሁለት የቀለም ብሩሽ፣ ዳቦና አይብ አለ። «ጫማህን አድርግ፤ ቅርንጫፍ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ። እንግድነቴ ያበቃው በዚያ ቀን ነው።

እስከ ምሳ ሰዓት የሄድነው ስድስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። እሳቸው በየጥቂቱ ይቆማሉ። ከመንገዱ ዳር አንድ ዛፍ ይመርጣሉ፤ ቅርፊቱ ላይ የተጣበቀውን የዛፍ ሽበት በሽቦ ብሩሹ ፈትገው ያጠራሉ፤ በእፍታ አቧራውን ያነሣሉ። ከዚያ ከመዳፍ የማይበልጥ ነጭ መስመር፣ ከሥሩ ደግሞ ያንኑ የሚያህል ቀይ መስመር ያሰምራሉ። ነጭ ከላይ፣ ቀይ ከታች። ሁለቱ መስመሮች «መንገዱ ይኸው ነው፣ ቀጥል» ማለት ናቸው። መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ምልክቱ ወደሚታጠፍበት በኩል ይቀለበሳል። ሁለቱ መስመሮች ተመሳቅለው ከተገኙ ደግሞ «ተመለስ፣ ይህ ያንተ መንገድ አይደለም» ይላሉ። አንዱን ዛፍ ጨርሰን ልንሄድ ስንል ሽማግሌው ዞረው በጀርባው በኩልም ያንኑ ምልክት አደረጉ። «የሚሄድ እንዳለ ሁሉ የሚመጣም አለ» አሉኝ።

በዚያ ጠዋት የገባኝ ነገር አራት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ኖሯል፤ ዛሬ ማታ ልናገረው የመጣሁትም እሱኑ ነው። በዚያ ገጠር ቤተሰብ አብሮ የሚንቀሳቀሰው፣ ልጅ ከአያቱ ጋር ወንዝ ዳር የሚውለው፣ ሽማግሌው ከጎረምሳው ጋር የሚጫወተው አየሩ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መንገዱንም፣ ጊዜውንም፣ መገናኛውንም ሰው ሠርቷቸዋል። ሕግ ወጥቶላቸዋል፤ ብሩሽ ይዞ የሚወጣም ሰው አለ። ያ ሰው ካረፈ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ቁጥቋጦው መንገዱን ይመልሰዋል።

የቀዩና የነጩ ምልክት ታሪክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ይጀምራል። በ1947 ዣን ሉዋዞ የሚባል የእግር ጉዞ ወዳድና ጓደኞቹ አንድ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በኦርሌያን ከተማ አቅራቢያ በሎዋር ወንዝ ዳር የመጀመሪያውን መንገድ ምልክት አደረጉበት። ፈረንሳይ ገና ፍርስራሿን እየጠረገች በነበረችበት ጊዜ ነው። ዛሬ በመላ አገሪቱ ምልክት የተደረገባቸው የእግር መንገዶች ርዝመት ከ180 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ምድርን አራት ጊዜ ዞሮ የሚተርፍ ነው። ይህን ሁሉ የሚጠብቁት እንደ ጎረቤቴ ያሉ ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

መንገዶቹ ራሳቸው ግን ከምልክቱ በፊት ነበሩ። በሴቬን በግ ነጂው በሰኔ መንጋውን ከቆላ ወደ ሎዜር ተራራ አናት፣ 1,699 ሜትር ወዳለው ደጋ የሚያወጣበት ሰፊ መንገድ አለ፤ በአካባቢው ቋንቋ ድራይ ይሉታል። በቅሎ ጨው የሚጭንበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄድበት፣ ሙሽራ የሚያልፍበትም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ትራክተር መጣ፣ ወጣቱ ወደ ከተማ ፈለሰ፣ በብዙ የፈረንሳይ ክፍሎች የተበጣጠሰውን ማሳ ወደ አንድ ለማምጣት በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ብዙ የእግር መንገድ ታርሶ ጠፋ። በ1983 የወጣ ሕግ አውራጃዎች የእግር መንገዶቻቸውን በመዝገብ እንዲይዙ ኃላፊነቱን ሰጣቸው። በመዝገቡ የገባ የገጠር መንገድ ዝም ተብሎ አይሸጥም፤ መሸጥ ካለበት ጉዞው እንዳይቋረጥ ተለዋጭ መንገድ መቅረብ አለበት። በባሕር ዳርቻ ደግሞ በ1976 የወጣው ሕግ ባለርስቱ ማንም ቢሆን በውኃው ጠርዝ ሦስት ሜትር ለእግረኛ ክፍት እንዲሆን አዟል። ብሬታኝ ውስጥ የድሮ የጉምሩክ ዘቦች ኮንትሮባንድ ሲጠብቁ ይመላለሱበት የነበረው ጠባብ መንገድ ዛሬ ቤተሰብ ልጁን አዝሎ የሚሄድበት የሆነው እንዲህ ነው።

እኛ አካባቢ የሚታወቀው መንገድ ግን የአህያ መንገድ ነው። በ1878 ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን የሚባል ወጣት ስኮትላንዳዊ ጸሐፊ አንዲት አህያ በ65 ፍራንክና በአንድ ብርጭቆ ብራንዲ ገዛ። ሞደስቲን ብሎ ሰየማት፤ ከለ ሞናስቲዬ ተነሥቶ እስከ ሳን ዣን ዱ ጋር በ12 ቀን ሴቬንን አቋረጠ። በማግሥቱ ዓመት ስለ ጉዞው ያሳተመው መጽሐፍ መንገዱን ስም አስጠራው። ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ አህያ የሚያከራዩ ገበሬዎች አሉ። ነሐሴ ላይ ከበራፌ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ፦ አባት ካርታ ይዞ ከፊት፣ እናት ከኋላ፣ መሐል ላይ እስከ 40 ኪሎ ገደማ የሚሆን ድንኳንና ልብስ የተጫነች አህያ፣ በልጓሟ ገመድ ላይ ደግሞ ሁለት ሕፃናት። ሰባት ዓመት የሆነውን ልጅ ዝም ብላችሁ «15 ኪሎ ሜትር ሂድ» ብትሉት ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቀመጣል። አህያዋን የምትነዳው አንተ ነህ፣ ሣር የምታበላት አንተ ነህ ሲባል ግን ድካሙን ይረሳል። አህያዋ ስትቆም ይቆማል፣ ስትሄድ ይሄዳል። ወላጆቹም በእሷ ፍጥነት ለመሄድ ይገደዳሉ፤ ለአንድ ሳምንት ቤተሰቡን የምትመራው አህያዋ ናት። እኔ አህያ ባለበት አገር ተወልጄ ይህን ማየቴ አስደንቆኛል፤ የጭነት እንስሳ ለልጅ ጓደኛ ስትሆን ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አላየሁም ነበር።

መንገዱ ቢኖር፣ የሚሄድበት ጊዜ ከሌለ ምን ይሆናል? ስለ ጊዜው ትንሽ ልቆይበት።

በፈረንሳይ በአብዛኞቹ መንደሮች ረቡዕ ትምህርት የለም። ይህ ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ መልሱ 140 ዓመት ወደ ኋላ ወሰደኝ። በ1882 በትምህርት ሚኒስትሩ በዡል ፌሪ ጊዜ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ትምህርት ሲለይ፣ ወላጆች ከፈለጉ ልጆቻቸውን ውጭ ሃይማኖት እንዲያስተምሩ ከእሑድ ሌላ አንድ ቀን ክፍት እንዲሆን ተደነገገ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ በ1972 ወደ ረቡዕ ተዛወረ። በ2013 መንግሥት የረቡዕን ጠዋት ወደ ትምህርት ሊመልስ ሞክሮ ነበር፤ ከ2017 ጀምሮ ግን ማዘጋጃ ቤቶች የአራት ቀኑን ሳምንት መምረጥ ሲፈቀድላቸው አብዛኞቹ ተመለሱ። ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተብሎ የተከፈተው ቀን ዛሬ የጁዶ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ የሙዚቃና ከሁሉ በላይ የአያቶች ቀን ሆኗል። ወላጅ ሥራ ላይ ነው፤ ልጁን የሚይዘው አያት ነው።

የፖስተኛው የልጅ ልጅ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ረቡዕ ጠዋት በቢጫ ቦት ጫማዋ ደረጃውን ስትወርድ ድምፁን ለይቼ አውቀው ነበር። ከመጋቢት ሁለተኛ ቅዳሜ ጀምሮ የትራውት ዓሣ ማጥመድ ስለሚፈቀድ ሁለቱ ወንዝ ይወርዳሉ። ለልጅ የሚሰጠው የዓሣ ማጥመጃ ካርድ ርካሽ ነው፤ ግን ካርድ ነው፣ ያለ ካርድ መንጠቆ መጣል አይቻልም። ያ ገንዘብ ወንዙን ለሚጠብቀው ማኅበርም ይደርሳል። ሦስት ሰዓት ቆይተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ቀን ዓሣ ይዘው ከመጡበት ይበዛል። ልጅቷ ግን የወንዙን ድንጋዮች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ የትኛው እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ሥር ውኃው እንደሚጠልቅ ቁጭ አድርጋ ነግራኛለች።

የአዋቂዎቹስ ጊዜ? እሱም ቢሆን በነጻ የተሰጠ አይደለም። በ1936 በሌዎን ብሉም የሚመራው የሕዝባዊ ግንባር መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ አገሪቱ በሥራ ማቆም አድማ ተጥለቅልቃ ነበር። በዚያው በጋ ለሠራተኛ ሁሉ ደመወዝ የማይቋረጥበት የሁለት ሳምንት ዕረፍት በሕግ ተፈቀደ፤ የሥራ ሳምንቱም 40 ሰዓት ሆነ። ለስፖርትና ለመዝናኛ ኃላፊ የተደረገው ሌዎ ላግራንዥ የሚባል የ35 ዓመት ወጣት ነበር። ሠራተኛው ዕረፍቱን ቤቱ ተቀምጦ እንዳይጨርስ 40 በመቶ ቅናሽ ያለው የባቡር ትኬት አወጣለት። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ። ላግራንዥ በ1940 ጦር ሜዳ ላይ ሞተ። ዕረፍቱ ግን አደገ፤ በ1956 ሦስት ሳምንት፣ በ1969 አራት፣ በ1982 አምስት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ይህ ሁሉ ሕግ ደመወዝተኛውን እንጂ የራሱን ፍየል የሚያልበውን ገበሬ በቀጥታ አይነካውም። ከመንደራችን በላይ የሚኖሩ ባልና ሚስት ፔላርዶን የሚባለውን ትንሽ ክብ የፍየል አይብ ይሠራሉ። ፍየል ወተቷን በያዘችበት ወራት በቀን ሁለት ጊዜ ትታለባለች፤ እሑድም ፋሲካም አታውቅም። ለገበሬ ምትክ ሠራተኛ የሚልክ አገልግሎት አለ፤ ቢሆንም ሚስትየው በአምስት ዓመት ውስጥ አብረው ከቤት ያደሩት አራት ሌሊት ብቻ መሆኑን ነግራኛለች። ከተሜው ለመዝናናት የሚወጣበትን ተራራ እሷ የምታየው በበረቱ መስኮት ነው። ስለ ገጠር ውበት በተነሣ ቁጥር እሷ ትዝ ትለኛለች።

እሷም ብትሆን ታዲያ አርብ ማታ አትቀርም። የት? ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከፕላታን ዛፎቹ ሥር፣ ፔታንክ ሜዳ ላይ።

ስለ ፔታንክ ሳላወራ ብወርድ ጎረቤቶቼ ይቀየሙኛል። ጨዋታው እንዲህ ነው። መሬት ላይ ትንሽ ክብ ይሠመራል። ኮሾኔ፣ ማለትም ግልገል አሳማ የሚሏትን ትንሽ የእንጨት ኳስ ከስድስት እስከ አሥር ሜትር ርቀት ላይ ይጥሏታል። ከዚያ እያንዳንዱ ተጫዋች ክቡ ውስጥ ቆሞ ከ650 እስከ 800 ግራም የሚመዝን የብረት ኳሱን ወደ እሷ ያስጠጋል፣ ወይም የባላጋራውን ኳስ መትቶ ያባርራል። 13 ነጥብ የሞላው ቡድን ያሸንፋል። ኳሱ መሬት እስኪነካ ሁለቱም እግሮች ከክቡ መነሣት የለባቸውም። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው፤ በፕሮቫንስ ቋንቋ የተተከለ እግር ማለት ነው።

የእግሩ መተከል ምክንያት አለው፤ ጨዋታውን የምወድደውም በዚህ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በማርሴይ አጠገብ ባለችው ላ ሲዮታ ከተማ፣ ዡል ሌንዋር የሚባል ጎበዝ የኳስ ተጫዋች ነበር። የዚያን ጊዜው ጨዋታ ከመወርወር በፊት መንደርደር ይጠይቃል። ሌንዋርን ሪህ ያዘው፤ መንደርደር ቀርቶ መቆም አቃተው፤ ዳር ተቀምጦ ሌሎቹን ማየት ሆነ ዕጣው። የሜዳው ባለቤት ወንድም ኤርኔስት ፒቲዮ ይህን አይቶ አላስችል አለው። «ርቀቱን እናሳጥር፣ ማንም አይንደርደር፣ ሁላችንም ባለንበት ቆመን እንጫወት» አለ ይባላል። ለአንድ ሕመምተኛ ተብሎ የተቀየረው ሕግ ነው ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚጫወቱት። የባቡር መሥመራችን በሚያልቅባት በጂቡቲም ፔታንክ እስከ ዛሬ በደንብ ይታወቃል።

አርብ ማታ ያንን ሜዳ ብታዩት የሌንዋር ወዳጅ ሐሳብ ምን እንዳተረፈ ይገባችኋል። የ80 ዓመቷ የፖስተኛው ባለቤት፣ የፍየል አርቢዋ፣ ከአፉ ላይ ጢም ማቆጥቆጥ የጀመረ የ15 ዓመት ጎረምሳና የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ። ጎንበስ ማለት ያቃታቸው ሽማግሌዎች በክር የታሰረ ማግኔት ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ወደ ኳሱ ያወርዱታል፣ ቀጭ ይላል፣ ስበው ያነሡታል። የፖስተኛው ባለቤት ግን ማግኔቱን እንቢ ብለዋል። «የምጎነበስበት ቀን ካበቃ ጨዋታዬም አብቅቷል» ይላሉ። አንድ ቀን ቆጠርኩላቸው፤ በአንድ ምሽት ከ50 ጊዜ በላይ ጎንበስ ቀና ብለዋል። ይህ ስፖርት ነው ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ ብለው የሚከራከሩ አሉ። በእኔ አስተያየት የሴትዮዋ ወገብ ክርክሩን ዘግቶታል።

የፔታንኩ፣ የእግር ጉዞውና የዓሣ ማጥመዱ ቡድን ሁሉ በሕግ ማኅበር ነው፤ የሐምሌ 1901 ሕግ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ፈረንሳይ ውስጥ ከ20 ሰው በላይ አዘውትሮ ለመሰብሰብ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ግን ሁለት ሰዎች ተስማምተው ትርፍ እንደማይካፈሉ ደንብ ጽፈው ቢያስመዘግቡ ማኅበር ናቸው። እድር የሚያውቅ ሰው ለዚህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሊቀ መንበር አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ በዓመት አንዴ ጠቅላላ ጉባኤና ከጉባኤው በኋላ መብልና መጠጥ አለ። ዛሬ በአገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ማኅበራት አሉ። በእኛ መንደር 200 ነዋሪ አይሞላም፣ ማኅበሮቹ ግን ዘጠኝ ነበሩ።

ስለ ጓሮ አትክልት ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ አንዱን ብቻ ልጥቀስ። የፖስተኛው ባለቤት የቲማቲም ችግኛቸውን ከግንቦት 11 እስከ 13 ያሉት የበረዶ ቅዱሳን የሚባሉት ሦስቱ ቀናት ሳያልፉ አያወጡም፤ ማሜር፣ ፓንክራስና ሰርቬ ናቸው። አየሩ ቢሞቅም፣ ትንበያው ጥሩ ቢልም ዘር በቅዱሳን ቀን ይቆጠራል። ይህን ስሰማ የአያቴን ቤት አስታወስኩ።

ከጓሮው በላይ ደግሞ እርከኑ አለ። የሴቬን ተራራ ቁልቁለት ነው፤ ገበሬው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ እየካበ እርከን ሠርቶ፣ አፈር በጀርባው ተሸክሞ አውጥቶ ነው ያረሰው። ብዙ ጊዜ የተተከለበት ሻቴኝ የሚሉትን ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ነው። ፍሬው እሾሃማ ቅርፊት አለው፤ ለዘመናት የድሃው እንጀራ ስለነበር የዳቦ ዛፍ ይሉታል። በጥቅምት ቤተሰቡ ሁሉ፣ ከከተማ የመጣውም ልጅ ጭምር፣ ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ይውላል። የተለቀመው ክሌድ በምትባል ባለ ሁለት ደርብ ትንሽ የድንጋይ ጎጆ ይገባል፤ ከታች ለስላሳ እሳት ይጨሳል፣ ከላይ በርብራቡ ላይ ፍሬው ሳምንታት ሙሉ ይደርቃል። እሳቱ መንደድ የለበትም፣ መጥፋትም የለበትም። ሌሊቱን ተራ ገብቶ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔም ሁለት ሌሊት ደርሶኛል። ጭሱ ከሹራቤ እስከ ገና አልለቀቀም።

እርከኖቹ ዛሬ እየፈረሱ ነው። ሆኖም ቅዳሜና እሑድ ድንጋይ መካብ ለመማር የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ከሞንፔልዬ የመጣ የኮምፒውተር ሠራተኛ። ቀኑን ሙሉ ሦስት ሰው ተባብሮ የሚክበው ግንብ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ማታ እጃቸው ተላልጦ ፊታቸው ግን በርቶ ነው የሚገቡት። ኮረብታው ላይ አብሬያቸው ድንጋይ ሳቀብል ስለ ኮንሶ ነገርኳቸው። የኮንሶ እርከንና የሴቬን ምድር በአንድ ዓመት፣ በ2011፣ ፓሪስ ላይ በተደረገው በአንድ ጉባኤ ነው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት። ፎቶውን በስልኬ ሳሳያቸው መሪያቸው መዶሻውን አስቀምጦ ረጅም ጊዜ አየው። «እነዚህ ሰዎች ድንጋዩን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

እሑድ የምሳ ቀን ነው። ዩኔስኮ በ2010 የፈረንሳዮችን የማዕድ ሥርዓት የመዘገበው የምግቡን ዓይነት ሳይሆን አብሮ መቀመጡን አስቦ ነው፤ ከመክፈቻ መጠጡ እስከ አይቡና እስከ ጣፋጩ ያለውን ረጅም ተራ። በፖስተኛው ቤት እኩለ ቀን ላይ የተቀመጠ ሰው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይነሣም። ከቡና በኋላ አንዱ ወንበሩን ገፋ ያደርግና «ወጣ እንበል» ይላል። አያት በከዘራ፣ ሕፃን በአባቱ ጀርባ፣ ልጅቷ በብስክሌት፣ ውሻው ከሁሉም ፊት። አራት ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት ይሄዳሉ። ስፖርት የሚል ቃል በዚያ ጉዞ ላይ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። መንገድ ላይ የሚነገረው ወሬ ማዕድ ላይ የማይነገረው ነው፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ ይመስለኛል። ወንድና ሴት ልጅ ተኳርፈው ሄደው ታርቀው ሲመለሱ አይቻለሁ።

በመኸር ግን ይህ የእሑድ ጉዞ ጠብ ያለበት ነው። ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ የአደን ወቅት ነው፤ የዱር አሳማ የሚያድኑት ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው፣ ውሻ ለቀው ጫካውን ይዘጉታል። በ2020 በሎት አውራጃ ቤቱ አጠገብ እንጨት ሲቆርጥ የነበረ አንድ የ25 ዓመት ወጣት በአዳኝ ጥይት ሞቶ አገር አነጋግሯል። በእኛ መንደር የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ቅዳሜ ማታ የእግረኞቹ ጸሐፊ ለአዳኞቹ አለቃ ይደውላል፣ ነገ እናንተ በየት በኩል ናችሁ ይለዋል። አይጠላለፉም ማለቴ አይደለም፤ ግን ሁለቱም አርብ ማታ አንድ የፔታንክ ሜዳ ላይ ስለሚገናኙ ስልኩ ይነሣል።

ይህን ሁሉ ስል የዚያ ገጠር ሰው ከጠዋት እስከ ማታ በእግሩ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ። ዳቦ ለመግዛት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በመኪና እንነዳ ነበር። ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ከዚያም ይርቃል። ወጣቱ አሁንም ይሄዳል። የመንገዱን ምልክት የሚቀቡት የማኅበሩ አባላት 14 ነበሩ፤ ከእኔ በቀር ከ60 ዓመት በታች የሆነ ሰው አልነበረም። ወደ ደቡብ ባለው ሸለቆ ውስጥ ያለው የአንድ መንገድ ጠባቂዎች አንድ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ሞቱ፣ ሚስትየው ልጃቸው ጋ ከተማ ገቡ። በሁለተኛው ጸደይ ልሄድበት ሞክሬ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እሾሁ ደረቴ ላይ ደረሰ፤ ምልክቱን አጣሁት፤ ተመለስኩ። መንገዱ ካርታው ላይ አሁንም አለ።

የመጨረሻው ዓመቴ ላይ የፖስተኛው ጉልበት እንቢ አለ። ሐኪሙ ዳገት ከለከላቸው። ያን ዓመት የጸደዩ ቅዳሜ ሲደርስ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት እሳቸው ሳይሆኑ የልጅ ልጃቸው ናት። አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሁለቱን ጣሳዎች ይዛለች፤ ቦርሳው ከወገቧ በታች ይንጠለጠላል፤ ብሩሽ፣ መቀስ፣ ዳቦና አይብ አለበት። «አያቴ ቅርንጫፍ የሚይዝልኝ ሰው እንዳለ ነግሮኛል» አለችኝ።

እኔ እፈትጋለሁ፣ እሷ ትቀባለች። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ነጩን ከላይ፣ ቀዩን ከታች። አንዱ ቀይ ወርዶ ሲንጠባጠብ በአውራ ጣቷ ጠረገችው፤ ጣቷን በሱሪዋ አበሰች። የመጨረሻውን ዛፍ ስንጨርስ «ቆይ፣ አንተ እዚህ ሁን» ብላ ሮጠች። መታጠፊያውን አልፋ ከዓይኔ ተሰወረች። ከዚያ ከላይ በኩል፣ ከማያውቀው አገር እንደመጣ እንግዳ ቀስ እያለች፣ ግራ ቀኝ እያየች ወደ እኔ ወረደች። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች።

«አይታየኝም» አለች።

ቀና ብዬ ሳይ አንድ የሻቴኝ ቅርንጫፍ በምልክቱ ላይ ተንጋዷል። መቀሱን አውጥቼ ቆረጥኩት።

«አሁንስ?»

«አሁን ይታያል።»